ከእናታቸው ስም ሥር

በአንድ ወቅት፣ ያውም ብዙ ሳይርቅ፣ እንጅባራ ውስጥ ወይዘሮ እንደሀብቷ የሚባሉ ጡረተኛ መምህርት ነበሩ። የጡረታ ዘመናቸውን የሰጡት ለአዊኛ መዝገበ ቃላት ነው። የሚጽፉበት ላፕቶፕ አሮጌ ስለነበር የበኩር ልጃቸው ልየው ሊነክስ የሚባለውን ቀለል ያለ ሥርዓት ጭኖላቸዋል። መዝገበ ቃላቱ ግን ሌላ ቅጂ አልነበረውም፤ «ሳላርመው ከእጄ አይወጣም» ይሉ ነበር።

ሥራው ሊያልቅ ሲል ሴትዮዋ ታመው አልጋ ያዙ። ላፕቶፑም እንደዚያው። እየጻፉበት ድንገት ድርቅ ይላል፤ ስክሪኑ ላይ ያለው ቀስት አይንቀሳቀስም፣ ቁልፍ ቢነኩ አይሰማም። ሦስቱን ልጆቻቸውን ጠርተው፣

«መጽሐፉ ላይ ከስሜ ሥር ሥራዬን ያዳነውን ልጅ ስም ጻፉ። የአንዱን ብቻ። የሦስት ሰው አደራ የማንም አይሆንም» አሉ።

ልየው ሥራውን ጀመረ። ከሙቀት ይሆናል ብሎ ሙቀቱን ለካ፤ ደህና ነው። ራሙን፣ የማሽኑን ጊዜያዊ ማስታወሻ፣ ፈተሸ፤ እሱም ደህና ነው። ከዚያ ማሽኑ ስለራሱ የሚመዘግበውን መልእክት አንድ በአንድ አነበበ። ከእያንዳንዱ መድረቅ በፊት ያው እሮሮ አለ፦ ጽሑፉ የሚቀመጥበት ሃርድ ዲስክ ተጠይቆ አልመለሰም። ፋይሉን ወደ ፍላሽ ልገልብጥ ቢል መሀል ላይ ደረቀበት።

«ዲስኩ እየሞተ ነው። በተከፈተ ቁጥር ይብስበታል። እስክመለስ ማንም እንዳይነካው» ብሎ አዲስ ዲስክና መገልበጫ ፍለጋ አዲስ አበባ ሄደ። ሲመለስ መንገድ ተዘጋበት።

እናቲቱን የምታስታምመው ሁለተኛዋ ልጅ ስመኝ ነበረች።

«ክፈችልኝ» አሏት አንድ ቀን። «የጻፍኩትን አንብቢልኝና ልረም። ስህተት ትቼላችሁ አልሄድም።»

«ልየው እንዳይከፈት ብሏል እኮ፣ እማዬ።»

«ልየው ሲመለስ እኖራለሁ?»

ስመኝ ላፕቶፑን አመጣች። ከፈተችው። እሷ ስታነብ እናቷ ያርማሉ፤ ከአባታቸው የሰሙትን፣ ዛሬ ከተማው ውስጥ ማንም የማያውቀውን የፈረስ መልክ ስም ሁሉ ይጨምራሉ። ሲደርቅባት ማጥፊያውን ተጭና ይዛ ታጠፋዋለች፤ መልሳ ትከፍተዋለች። እናቷ ከታመሙ ወዲህ የሳቁት በእነዚያ ቀናት ነው።

ሦስተኛው ልጅ አትርሳው ሊጠይቅ ሲመጣ ላፕቶፑን እናቱ ጭን ላይ አገኘው። ከላፕቶፑ ሆድ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል።

«ልትገድይው ነው!» አላት እህቱን።

«እማዬስ?» አለችው።

ላፕቶፑን አነሳው። እናቱ እጃቸውን ዘርግተው «አንድ ቃል ቀረኝ» አሉ። «ቆይ፣ እማዬ» ብሎ ወጣ። ዲስኩን ፈትቶ ከራሱ ኮምፒውተር ጋር አገናኘው፤ ጤነኛውን ክፍል አስቀድሞ፣ የተጎዳውን ለመጨረሻ ትቶ ገለበጠ። መዝገበ ቃላቱ አብዛኛው ወጣ። ከእርማቱና ከፈረስ መልክ ስሞቹ ግን ግማሹ ወጣ፣ ግማሹ ቀረ። ዲስኩ ከዚያ በኋላ አልተነሳም።

ደስ ብሎት ሊነግራቸው ሲገባ እናቱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ነበር። ያቺን ቃል ሳይናገሩ ሞቱ።

ልየው አዲሱን ዲስክ ይዞ የደረሰው ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ነው።

ከአርባው በኋላ ሦስቱ ተቀመጡ።

«የዲስኩን በሽታ ባላገኝ አትርሳው ምኑን ይፈታ ነበር? ብትሰሙኝ ደግሞ ሁሉም ይተርፍ ነበር» አለ ልየው።

«ብሰማህ እማዬ ያረመችው ከነጭራሹ አይኖርም ነበር» አለች ስመኝ። «አንተ ስለ ዲስኩ አሰብክ። እኔ እሷን ሰማሁ።»

«የሚታተመው እኔ ያወጣሁት ነው» አለ አትርሳው። ቀጥሎ አቀረቀረ። «ከእጇ መንጠቄን አልክድም።»

ከዚያን ቀን ወዲህ አይነጋገሩም። መጽሐፉ ማተሚያ ቤት ተቀምጧል፤ ከወይዘሮ እንደሀብቷ ስም ሥር ያለው መስመር ባዶ ነው።

እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ሥራቸውን ያዳነው ማን ነው? የዲስኩን በሽታ ያገኘው ነው፣ ቃላቸውን የተቀበለችው ናት፣ ወይስ የቀረውን ያወጣው?