የአቶ ምትኩ ኮፈን

እኛ ሰፈር አንዱ በሌላው ላይ ጣቱን ሲቀስር ቶሎ የሚወረወርበት አባባል አለ። ዛሬ ዛሬ ሽማግሌው ሁሉ ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ እያስመሰለ ይናገረዋል። ምን የወረደ! ወልቂጤ፣ ጋሽ ደግፌ ጋራዥ ውስጥ ሲወለድ እኔ መዶሻዬን ይዤ ቆሜ ነበር።

ሥራዬ የተጋጨ መኪና ማቃናት ነው። እኔ ያቃናሁትን የምትቀባው ዘቢደር ነበረች። በከተማው ሴት ቀለም ቀቢ እሷ ብቻ ስለነበረች አንድ ነገር በተበላሸ ቁጥር ዓይን ሁሉ ወደ እሷ ነው። እሷ ደግሞ አንገቷን የምትደፋ ሰው አይደለችም።

አንድ ሰሞን የቅቤ ነጋዴው አቶ ምትኩ ፒካፕ መኪናቸውን ነጭ ሊያስቀቡ አመጡ። እኚህ ሰው በአፍንጫቸው የታወቁ ናቸው። ቅቤውን በጣታቸው ጫር፣ መዳፋቸው ላይ አሸት አሸት አድርገው ያሸቱና «ይሄ ሙዝ ገብቶበታል!» ካሉ አበቃ፤ ባለቅቤዋ በኮባ የጠቀለለችውን ይዛ ወደ ቤቷ ነው። ጠዋት ጠዋት ከገበያ በቀጥታ ጋራዥ ይመጡና፣ ዘቢደር መርጫውን ልትሞላ ዘወር ስትል፣ የተፋቀውን የሞተር ክዳን፣ ኮፈኑን፣ «እሰይ፣ ለስልሷል!» እያሉ ይደባብሱታል። እኛ እንደ ምርቃት ነበር የምናየው።

ዘቢደር ቀባች። በሮቹ መስታወት ሆኑ። ኮፈኑ ግን ገና ሳይደርቅ ፈንጣጣ እንደወጣበት ፊት ተበሳሳ። ቀለሙ እዚህም እዚያም እየሸሸ የታችኛው ብቅ ይላል። በማግስቱ ፋቀችና ደገመችው። ያው!

«ርካሽ ቀለም ነው» አለ አንዱ። «ኮምፕሬሰሩ ውኃ እየተፋባት ነው» አለ ሌላው። እኔም፣ ምን እዋሻለሁ፣ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ «ድሮስ የሴት እጅ!» ብያለሁ።

በሦስተኛው ቀን አቶ ምትኩ ከገበያ በቀጥታ እየጮኹ ገቡ።

«ደግፌ! ይቺ ሴትዮ መኪናዬን መለማመጃ አደረገችው! ወይ እሷ ትውጣ፣ ወይ የእኔንም የወንድሞቼንም መኪና ዳግመኛ እዚህ ግቢ አታይም!»

ጋሽ ደግፌ ላብ አጠመቃቸው። «ዘቢደር ልጄ፣ ይቅርታ ጠይቂያቸውና ቱታሽን አውልቂ። ምን ላድርግ?» አሉ።

«ምን አጥፍቼ ነው ይቅርታ የምጠይቀው?» አለች። «ቀለሙ ርካሽ ከሆነ በሮቹስ የተቀቡት በምንድን ነው? ኮምፕሬሰሩ ውኃ ቢተፋ በሩን መርጦ ይምራል እንዴ? ቀለሙ አንድ፣ አየሩ አንድ፣ እጄም አንድ! ኮፈኑን ብቻ የነካው ነገር አለ። እሱን ሳላገኝ ቱታዬን አላወልቅም። ከፈለጋችሁ ፖሊስ ጥሩ!»

ይህን ብላ ጎንበስ አለችና ቀዳዳዎቹን በዓይኗ ተከተለቻቸው። እኛም ተጠጋን። ለካ ዝም ብለው የተበተኑ አይደሉም፤ አራት መስመር ሠርተው ጎን ለጎን ይሄዳሉ። እጇን ዘርግታ ለካችው። መስመሮቹ ከእጇ ይሰፋሉ። ቀና ብላ የአቶ ምትኩን እጅ አየች።

እዚያው ፊታችን ኮፈኑን እንደገና ፋቀች፣ በቤንዚን ወለወለችና መሐል ለመሐል ፕላስተር ለጠፈችበት።

«አቶ ምትኩ፣ እንደ ልማድዎ ልስላሴውን ይዩልኝ እስቲ። በቀኝ በኩል ብቻ።»

ደባበሱላት። እሷም ግራና ቀኙን እኩል ረጨች።

ብዙ አልቆየም። ግራው እንደ ረጋ ወተት ተኛ። ቀኙ ዓይናችን እያየ ተበሳሳ፣ በአራት ጣት ልክ።

«ይቺ መተተኛ!» አሉ አቶ ምትኩ።

«መተቱ እጅዎ ላይ ነው። እስቲ ያሽቱት!»

ዕድሜ ልካቸውን የሰው ቅቤ ሲያሸቱ የኖሩት ሰውዬ መዳፋቸውን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው እንደያዙት ቀሩ። ቀለም ቅባት ላይ አይዝም፤ ይሸሻል። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር። ግን ማን አሰበበት? እሷን ማማት ይቀል ነበራ!

ጋሽ ደግፌ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «በይ ልጄ፣ ጨርሺላቸው» አሉ።

«እጨርሳለሁ» አለች ዘቢደር፣ የቱታዋን ቁልፍ እስከ አንገቷ እየቆለፈች። «መጀመሪያ ግን በሳሙና ይታጠቡ። ከዚያ ይቅርታውን እዚሁ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ይጠይቁኛል። ስድቡም እዚሁ ነበር።»

አቶ ምትኩ ወደ ቧንቧው ሄዱ። እኔም የሻይ ቤቱ ወሬዬ ትዝ ብሎኝ ኀፍረት ገደለኝ። ከበሩ ሆነው ሁሉን ሲያዩ የቆዩት ዘበኛው አባባ ሰርሞሎ ግን ማናችንንም አልማሩንም፤ አቶ ምትኩንም እኛንም በዱላቸው ተራ በተራ እየጠቆሙ እንዲህ አሉ፦ «ሰው ከማማት፣ እጅን ማሽተት!»