ያልተቆላው ስንቅ

ተረት ተረት! ጆሮ ያላችሁ ወዲህ ጠጋ፣ አፍ ያላችሁ እሱን ዝጉልኝማ!

አንዲት ስስታም አይጥ ነበረች። የሸለቆው አውሬ ሁሉ ጎርፍ ሳይደርስ ተሰብስቦ ወደ ጋራው ይወጣል። አይጥ ለመንገዱ ስንቅ አሰበች።

«ለውዙን ብቆላው ሽታው መንደሩን ይጠራብኛል። ለጤናም የሚበጀው ጥሬው ነው!» አለችና ለውዙን ፈልፍላ፣ ከሱፍና ከዱባ ፍሬ ጋር ደባልቃ በከረጢት ቋጠረች። ወይ ብልጠት፣ እናንተዬ! በሯ ሲንኳኳም ትንፋሿን ዋጠች።

ስንቋን አንጠልጥላ ብትወጣ መንደሩ ጭር ብሏል። ዛፍ ላይ ቁራ ብቻ ቀርቷል።

«ያ ሁሉ ጎረቤት የት ገባ፣ አያ ቁራ?»

«ወጡ እኮ፣ እመት አይጥ! ጃርት በርሽን ብትደበድብ ዝም። ጭስ የለ፣ የቆሎ ሽታ የለ። ‹ቀድማን ሄዳለች› ብላ ተከተለቻቸው። እኔም በርሬ ልድረስባቸው» ብሎ ሄደ።

አይጥ ብቻዋን አቀበቱን ስትወጣ መሸባት። ከአንድ ድንጋይ አጠገብ ተቀምጣ ከረጢቷን ፈታች። አንዴ ቃም አድርጋ አብሯት የሚበላ ፍለጋ ዙሪያዋን ቃኘች። ኋላ እፍኝ ሙሉ ዘግና ለድንጋዩ ዘረጋችለት።

«እንካ፣ ዝገን እንጂ! አትፈር፣ ብዙ ነው» አለችው።

ተረቴ ይኸው፤ አንዳችሁ ተቀበሉኝ።