ጭስ ውስጥ የጠፋው ድኩላ

ፊታውራሪ ድልነሳሁ አዲስ ስድስት ጎራሽ ሽጉጣቸውን ታጥቀው አደን ወጡ። የያኔው ሽጉጥ መቼ እንደ ዛሬው ሆነና! ባሩድና ድቡልቡል እርሳስ ይጠቀጠቅበታል፣ ከኋላው እሳት የሚጭርለት የመዳብ ቆብ ይደፋለታል፤ ሲተኮስ ጭሱ ጎጆ የተቃጠለ ያስመስላል። ድኩላ አይተው ስድስቱንም አንጣጡና በጭሱ መሃል «ገዳይ!» እያሉ ፎከሩ። ጭሱ ገለጥ ሲል ድኩላ የለም።

ገዳይ ያለ ምስክር አይሞገስምና፣ ግብር ሲበላ፣ አደኑ ላይ የነበረውን ባሩድ ጠቅጣቂ አሽከራቸውን አስምለው አስቆሙት። ቢዋሽ መሐላው ይይዘዋል፤ እውነቱን ቢናገር ጅራፉ አለ።

«ገደል ገብቶ ነው እንጂ ገድዬዋለሁ! አንተ፣ ያየኸውን መስክር!» አሉ ፊታውራሪ።

«ጌታዬ፣ እንዴት ያለ ጨዋ አውሬ ነው!» አለ አሽከሩ። «የጌታ ፉከራ አይቋረጥም ብሎ፣ እስኪጨርሱ ቆሞ አዳመጠና እጅ ነሥቶ ሄደ።»