ኔሙና እና በደረቁ ወንዝ የሰፈሩት እንግዶች

«ተረት ተረት!»
«የባሕር ዳር ቤት!»

እንዲህ ጮክ በሉ እንጂ! በድሮ ዘመን፣ ሜዲትራኒያን በሚባለው ባሕር ዳር፣ ሊጉር የሚባሉ የተራራ ሰዎች ነበሩ። ገደሉን በድንጋይ እየካቡ ያርሱ ነበር። ከእነሱም መካከል ኔሙና የምትባል ሴት ነበረች። ባሏን በመርከብ የመጡ ወንበዴዎች ገደሉባትና ከወንድሟ ከሜዙ ቤት ገባች። ሜዙም የአገሩ አለቃ ነበር።

አንድ በጋ ሌሎች መርከበኞች ከነሚስትና ልጆቻቸው መጡና ከተራራው ሥር፣ ደረቅ ወንዝ ውስጥ ጎጆ ቀለሱ። ዝናብ ሲመጣ ወንዙ ምን እንደሚሆን አላወቁም።

ሜዙ ሕዝቡን ሰብስቦ፦ «ማንም እንዳይነግራቸው። ጎርፉ ይወስዳቸዋል» አለ።

ኔሙናም፦ «ይውሰዳቸው» አለች። አንጀቷ ቆስሏላ!

ከዚያም ደመናው ጠቆረ። ኔሙና የጠፋች ፍየሏን ፍለጋ ብትወርድ፣ ከእንግዶቹ አንዲት መውለጃዋ የደረሰ ሴት ፍየሏን ይዛላት ቆየቻት። ቋንቋ አይግባቡም። ሴትዮዋ ፍየሏን መለሰችላትና ውሃ አጠጣቻት። ኔሙናም ተራራውን መውጣት ጀመረች። እኩሌታው ላይ ስትደርስ ግን እግሯ እምቢ አላት። «ባሌን የገደሉት እነዚህ አይደሉም» አለች ለራሷ።

ተመልሳ ወረደችና የሴትዮዋን እጅ ያዘች። ሰማዩን አሳየቻት። ወንዙን አሳየቻት። ሰዎቹም ገባቸውና ልጆቻቸውን ተሸክመው ወደ ኮረብታው ተከተሏት። ማምሻውን ጎርፉ መጣና ባዶውን ጎጆ ሁሉ ጠርጎ ባሕር ከተተው።

ሜዙ ከላይ ሆኖ ጮኸ፦ «የባልሽን ደም ረሳሽ? በይ እዚያው ቅሪ!»

እሷም፦ «አልረሳሁም፣ ወንድሜ» አለችና አለቀሰች።

ከእንግዶቹ ጋር ቀረች። ድንጋይ መካብ አስተማረቻቸው፤ ምንጩን አሳየቻቸው። እነሱም ወይንና ወይራ መትከል አሳዩዋት። ኮረብታው ላይ እንደገና የቀለሱት ጎጆ መንደር ሆነ፤ መንደሩም ከተማ ሆነ። የተራራ ሰዎች ማርና እንጨት ይዘው መውረድ ጀመሩ፤ ተጋቡም፤ ልጆቻቸው ሁለቱንም ቋንቋ ተናገሩ። ሜዙ ብቻ አልወረደም።

ዓመታት አለፉና አንድ ጠዋት፣ ሜዙ ሸምግሎ፣ በዘንግ ተደግፎ ከኔሙና ደጅ ቆመ።

«ሜዙ፣ ምን ሆንክ?» አለችው።

እሱም፦ «ዝናብ በዘነበ ቁጥር እንቅልፍ አይወስደኝም። አንቺ ታች ነሻ!» አላት።

ኔሙናም ክንዱን ይዛ አስገባችው። ከዚያም ወዲያ ተራራውን አልወጣም፤ የተቀበረውም ከከተማው ሰዎች ጋር ነው።

ተረቴ አለቀ፣ ጉሮሮዬም ደረቀ። ዳቦ ያለው ወደ እኔ ይጠጋ፤ የሌለው ተረት ይዞ ይምጣ ሲነጋ።