የፕሬዚዳንቱ ሙሾ

ፕሮፌሰር ይርዳው ከታሪክ አስተማሪነት ተነስተው የዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት የሆኑ ሰው ነበሩ። ስንቱን የሞተ ንጉሥ አወድሰው፣ ስንቱን ነቅፈው ጽፈዋል። ወንበሩ ላይ ሲሰነብቱ ግን የሌላው ታሪክ ሰለቻቸውና የራሳቸው ያስጨንቃቸው ጀመር።

አንድ ቀን የባልደረባቸው ለቅሶ ላይ ተቀምጠው፣ አንዲት አልቃሽ ሟቹን በግጥም እያሞገሰች ድንኳን ሙሉ ሰው ስታስለቅስ ሰሙ። በሟቹ ቀኑ። ሙሾው ሲያበቃ አስጠሯት።

«ግቢያችን በር ላይ ሻይ የምትሸጪው አንቺ አይደለሽም?»

«ነኝ፣ ጌታዬ።»

«እኔ ስሞት ምን ብለሽ ታለቅሽልኛለሽ? እዚሁ ሰው ፊት በይልኝ። ካማረ ሻይሽን ትሸጫለሽ፤ ካላማረ ነገ ቦታውን ትለቂያለሽ።»

ብታወድሳቸው ለሻይዋ ብላ ነው ትባላለች፤ ብትነቅፋቸው የእንጀራ ገመዷ ይበጠሳል።

ሴትዮዋ ነጠላዋን አስተካክላ እጅ ነሣች።

«ጌታዬ፣ በቁም ላለ ሰው ሙሾ ማውረድ በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ለእርስዎ የሚሆነው ግጥም ግን ተገጥሞ ካለቀ ቆይቷል። የዘገዩት እርስዎ ነዎት።»