ለአራሷ ጣሪያ እመቤታችን ጋኑን የዘጋችበት ተአምር

ወዳጆቿ ሆይ፣ እመቤታችን ስለ አንዲት አራስ ያደረገችውን ስሙ፤ ስትሰሙም «የሌላ አገር ነገር ነው» አትበሉ፣ የእኛው ነገር ነውና።

በአንድ ደጋ አገር ወለተ ሐና የምትባል ሴት ነበረች፤ የእመቤታችንን ውዳሴ ሳትደግም እህል አትቀምስም፣ ከምንጭም በተመለሰች ቁጥር ከእንስራዋ ለደካሞች ሳታካፍል አታልፍም ነበር። ባሏ ከሞተ በኋላ ወንድ ልጅ ወለደችና ገና አራስ ሳለች የሰኔ በረዶና ነፋስ የጎጆዋን ክዳን ገነጠለው፤ ሕፃኑ ሳይጠመቅ አራስ ከቤት አትወጣምና ዝናቡ በመደቧ ላይ ይወርድባት ጀመር፣ ሕፃኑም ይስል ጀመር።

በዚያ አገር በእመቤታችን ስም የሚጠጣ የጽዋ ማኅበር ነበረ፤ ማኅበርተኞቹም ደጎች ናቸው፣ ማን ክፉ ይላቸዋል? አልቅሰውላት ቤቷን በደቦ ሊከድኑ ተስማሙና ሣሩን አጨዱ። ነገር ግን ያለ ጠላ ደቦ ነውር ነው ተባለና፣ አራሷ መጥመቅ አትችልምና፣ እንዳታፍር ብለው እነርሱ ሊጠምቁላት ጌሾ ወቀጡ፤ ከዚያም ጠላው እስኪደርስ ሣሩ በየደጃቸው ተከምሮ ቆየ። አቤት ደግነት! ጠላው ይብላላል፣ ሕፃኑ ይስላል።

ወለተ ሐናም ቢመራት በቤቷ ባለው በእመቤታችን ሥዕል ፊት ቆማ፣ «እመቤቴ፣ አንቺ በበረት ወለድሽ፤ በረቱ እንኳ ጣሪያ ነበረው! እኔ ጠላ መቼ አማረኝ? በደግነታቸው ልጄን ሊገድሉብኝ ነው» ብላ አለቀሰች።

በሰኔ ማርያም ዕለት ማኅበርተኞቹ ተሰብስበው ካህኑ ጸሎት ካደረሰ በኋላ የደረሰውን ጋን ቢያዘነብሉት፣ ጋኑ ሙሉ ሳለ ጠብ የሚል ጠፋ። የማኅበሩ አለቃ አያ መንክርም፣ «አልበሰለ ይሆናል፤ እስኪ ጥቂት ይቆይ» አለ።

ካህኑም መታገሥ አቅቶት፣ «የአራሷ ጣሪያ ዛሬም ክፍት ነው እንዴ?» ብሎ ጮኸባቸው።

ከዚያም አፍረው ሣሩን ተሸክመው ሮጡና ጉሮሯቸውን ሳያርሱ በዝናብ እየተንሸራተቱ ከደኑላት፤ ሴቶቹም እሳት አንድደው ሕፃኑን አሞቁት። የመጨረሻው ሣር በታሰረ ጊዜ የሕፃኑ ሳል ጸጥ አለ፣ እርሱም ጡት ያዘ፤ በዚያችው ሰዓት ጋኑ ማንም ሳይነካው ሞልቶ ፈሰሰ። ወለተ ሐናም በደረቅ መደብ ተቀምጣ እመቤታችንን አመሰገነች፣ ጎረቤቶቿንም ከመረቀች በኋላ በደንብ ተቆጣቻቸው።

እመቤታችን ቤታችሁን ትክደን፣ ልጆቻችሁን ታሙቅ፣ ከሚዘገይ ደግነትም ትሰውረን፤ ጣሪያው የሚያፈስ ጎረቤት ያለው ግን አሜን ሳይል ይነሣ።