ዓይኑን አጋም ስለ ጫረው ሽማግሌና ስለ ይመኙሻል የደረቀ ጡት

ምእመናን ሆይ፥ የአምላክ እናት እመቤታችን ድንግል ማርያም ላፈረ ሰው ያደረገችውን ስሙ፤ ርኅራኄዋም በሁላችን ላይ ይደር።

ወልደ ሰንበት የሚባል፥ ሰላምታዋን ሳያደርስ እህል የማይቀምስ አንድ ሽማግሌ ነበረ፤ አንድ ዓይኑን ሞራ ጋርዶት በቀረችው ብቻ ያይ ነበር። በጓሮውም ወደ ምንጭ የምታወርድ መንገድ ነበረችና ይመኙሻል የምትባል፥ ባል ሳታገባ የወለደች ሴት፥ ልጇን አዝላ ውኃ ልትቀዳ በዚያ ትመላለስ ነበር። እርሱም በሰው ፊት ሰደባትና፥ "ጸሎቴን ታረክስብኛለች" ብሎ፥ ጽድቅ የሠራ መስሎት መንገዷን በአጋም እሾህ አጠረ፤ እርሷም ገደሉን ዞራ ትወርድ ጀመር።

አጥሩንም ሲያጠብቅ አንዱ ቅርንጫፍ ተፈናጥሮ የምታየውን ዓይኑን ጫረው፤ ጭረቱ ከፀጉር የቀጠነ ነበርና ንቆ በጋቢው ጫፍ አሸው፤ ከዚያም ዓይኑ ቀላ፥ አበጠ፥ ብርሃንም እንደ እሳት ፈጀው።

በዚያ አገር ዓይኑን እሾህ ለጫረው ሰው የምታጠባ ሴት ጡቷን ታልብለታለች። ሚስቱም ወለተ ሐና፦ "በመንደሩ የምታጠባ ይመኙሻል ብቻ ናት፤ ሂድና ለምናት እንግዲህ" አለችው። "በምን አፌ?" ቢላት፥ "በዚያው በሰደብህበት አፍህ ነዋ!" አለችው።

እርሱ ግን አፈረና ዓይኑን በጨርቅ ሸፍኖ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደ፥ በእመቤታችን ሥዕል ፊትም ቆመ። ሰላምታዋን ሊያደርስ ቢጀምር፥ "ወልደ ሰንበት፥ እኔም ልጄን አዝዬ ተሰድጃለሁ፤ መንገዴን ስለ ምን አጠርህብኝ?" የሚል ድምፅ ከሥዕሏ ሰማ። ቀና ሊል አልቻለም፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ከዚያም መንገዱን በበትሩ እየዳበሰ ከይመኙሻል ደጅ ደረሰ። እርሷም፦ "አያ ወልደ ሰንበት፥ ደግሞ ደጃፌን ሊያጥሩ መጡ?" አለችው። "ዓይኔ…" ብሎ ፊቱን ወደ እርሷ አቀና። ጨርቁን ገልጣ ብታየው ደነገጠችና፦ "ወይኔ አባቴ! ጡቴ እኮ ደርቋል። ገደሉን በመውጣት በመውረድ ከደከምሁ ወዲህ ልጄም በቀጭን አጥሚት ነው የሚያድረው" አለች።

ይህን በሰማ ጊዜ ከጭረቱ ይልቅ ኀፍረቱ አቃጠለውና ሊመለስ ዞረ። እርሷ ግን "ይቀመጡ" ብላ ዓይኑን በንጹሕ ውኃ አጠበችው፤ ከዚያም "እመ ብርሃን፥ ለእኔ ባይሆን ለሽማግሌው" ብላ ጡቷን ብታልብ ወተቱ ፈሰሰ፥ ዓይኑንም ሞላው፤ ሕፃኑም ጠብቶ ጠገበ። "እንግዲህ እንዳያሹት!" አለችው።

ጭረቱም እንዳልነበረ ሆነ። ዓይኑን በገለጠ ጊዜ አስቀድሞ ያየው ቅልጥሟን ነው፤ የገደሉ ቋጥኝ ልጦት ደም ቋጥሮ ነበር። ወልደ ሰንበትም በጉልበቱ ወድቆ "ልጄ፥ ይቅር በይኝ" አለ።

"ኧረ ይነሡ፥ ሰው ያያል!" ብትለው፥

"ይየኝ!" አለ።

ከዚያም አጥሩን በገዛ እጁ ነቀለና እመቤታችንን እያመሰገነ ኖረ።

እኛንም በደላችንን አይተን የምናፍርበትን ዓይን ትስጠን፤ እናንተም የሰማችሁ ሁሉ፥ መንገዳችሁ አይታጠር፥ የልጆቻችሁም ጉሮሮ አይድረቅ፤ በረከቷ በቤታችሁ ይኑር፤ አሜን።